በግራ በር የሚቀመጠው ሰው

መጽሐፉ ከድሬዳዋ የመጣልኝ በአንዲት መንገደኛ ሴት ሻንጣ ውስጥ፣ ከበርበሬ ጋር ተጠቅልሎ ነው። ሐርጌሳ ሲደርስ ገጾቹ ያስነጥሱ ነበር። ለመንጃ ፈቃድ ፈተና የሚዘጋጅ ሰው የሚያነበው የጥያቄና መልስ መጽሐፍ ነው፤ ሽፋን የለውም፣ የመጀመሪያዎቹ አራት ገጾችም የሉም። የላከችልኝ ታላቅ እህቴ ደውላ፣ «ባልሽ መኪናውን አስነክቶሽ ያውቃል?» አለችኝ። አላስነካኝም። መጽሐፉን የፈለግሁትም ለዚያው ነው።

እኔ ሰው እግር ስር ቁጭ ብዬ መማር አልወድም። ከልጅነቴ ጀምሮ አስተማሪ ሲቆጣኝ የማውቀው ሁሉ ከጭንቅላቴ ይጠፋል፤ ከዚያ እኔም እቆጣለሁ፤ ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን ያቆምኩትም በዚሁ ጠባዬ ነው። ልብስ ስፌትን ከሐርጌሳው ዋሄን ገበያ ከገዛሁት የቅድ መጽሐፍ ተማርኩ። የተጻፈው በዐረብኛ ስለነበር ሥዕሉን ብቻ እያየሁ ነበር የምቀደው። የመጀመሪያው ቀሚሴ እጅጌዎች ወደ ኋላ ዞረው ተሰፉ፤ ፈታሁና እንደገና ሰፋሁት። ኬክ ከስልክ ቪዲዮ ተማርኩ። የመጀመሪያውን ኬክ ለሠፈራችን ለኮድቡር ፍየሎች ጣልኩላቸው፤ ካርቶን የሚበሉት እነሱ እንኳ አሽትተው ትተውት ሄዱ። አምስተኛውን ግን ለሠርግ ሸጥኩት። መጽሐፍ አይቆጣም። ቪዲዮ ደግሞ አሥር ጊዜ ወደ ኋላ ብመልሰው አሥር ጊዜ በዚያው ድምፅ ይነግረኛል እንጂ «ስንቴ ልንገርሽ?» አይልም። በዚህ ምክንያት ከገጽ አንድ ጀምሮ እስከ መጨረሻው በሥርዓት ያነበበ ሰው የማይችለው ነገር የለም ብዬ አምን ነበር።

ባሌ የሶማሌላንድ ሰው ቢሆንም ተወልዶ ያደገው እንደኔ ድሬዳዋ ነው። አንዲት አሮጌ ሚኒቫን ነበረችው። ጠዋትና ቀትር ላይ ሰባት ሴት ተማሪዎችን ከኮድቡር ወደ አሕመድ ዳጋህ ሠፈር ትምህርት ቤታቸው ይወስዳል፣ ይመልሳል። የቤት ኪራዩም፣ ቀለቡም ከዚያችው መኪና ነው። የኔ ኬክ ለጨውና ለሳሙና ነበር። እሱ ልጆቹን ሊያደርስ ሲወጣ እኔ ወጥ ቤት ገብቼ በሩን እዘጋለሁ። የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጬ የትልቁን ድስት ክዳን እንደ መሪ እይዛለሁ፤ መሬት ላይ ሦስት የጡብ ስባሪዎች አሉ፤ ፍሪሲዮን፣ ፍሬን፣ ነዳጅ መስጫ። ስልኬ የዘይት ጀሪካን ተደግፎ ይቆማል፤ በውስጡ አንድ የአዲስ አበባ የመኪና አስተማሪ እያሳየ ያስረዳል። እሱ ግራ እጁን ወደ ታች ሲያደርግ እኔም አደርጋለሁ፤ የግራ ፍሬቻ ነው። በግራ ትከሻው በኩል ወደ ኋላ ሲያይ እኔም አያለሁ። የመንገዱ መሐል መስመር ከሹፌሩ አጠገብ መሆን አለበት ስላለ፣ ከወንበሬ በስተግራ በጠመኔ አንድ ረጅም መስመር አሰመርኩ። ሦስት ወር ሙሉ በዚያ ጠመኔ መስመር ዳር ነዳሁ፤ አንድም ሰው አልገጨሁም።

ከዚያ ባሌ የውኃ ታንከሩን ሊያይ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ወደቀ። የቀኝ እጁ አንጓ ተሰበረና ጀሶ ተደረገለት፤ ቢያንስ አርባ ቀን መሪ መያዝ አይችልም ተባለ። ደግነቱ ትምህርት ቤቱ ለሁለት ሳምንት ተዘግቶ ነበር።

በማግሥቱ ከሰባቱ እናቶች አንዷ ልትጠይቀው መጣች። ለሰባቱም የምትናገረው እሷ ናት። ጅጅጋ ተምራ ያደገች፣ አንድ ቢሮ ውስጥ የምትሠራ፣ ቁጭ ስትል እንኳ የስብሰባ ሊቀ መንበር የምትመስል ሴት ናት። አማርኛዋ ከኔ ይሻላል። ለባሌ «አላህ ያሽርህ» አለችውና ወዲያው ወደ ጉዳዩ ገባች።

«ባለፈው ዓመት በአንተ ቦታ ሁለት ቀን የሠራውን ልጅ አልረሳነውም። ልጆቻችንን ፀሐይ ላይ መኪና ውስጥ ዘግቶ ጫት ሊገዛ ሄደ። የማናውቀው ወንድ አንፈልግም። ቅዳሜ ሳምንት ትምህርት ይከፈታል። ሹፌሩ ማን እንደሆነ እስከዚያ ኮንፈርም አድርጉልኝ። ካልሆነ ሌላ መኪና አለ፤ ባለቤቱ ሁለቴ ደውሎልኛል።»

«እኔ እነዳለሁ» አልኩ።

ባሌ በግራ እጁ የያዘው የሻይ ብርጭቆ አፉ ሳይደርስ ቆመ። ሴትዮዋ ከጫማዬ እስከ ሻሼ አየችኝ።

«መንጃ ፈቃድ አለሽ?»

«እስከ ቅዳሜ ሳምንት ይኖረኛል፣ ኢንሻአላህ።»

እሷ ስትወጣ ባሌ፣ «አቦ፣ አብደሻል? ከመጠምጠም መማር ይቅደም!» አለኝ። መጽሐፉን አምጥቼ ጭኑ ላይ ጣልኩለት። ከፈለገበት እየገለጠ ይጠይቀኝ ጀመር፤ አዛን እስኪል ጠየቀኝ፤ አንድም አልሳትኩም። በመጨረሻ መጽሐፉን ዘጋና፣ «መጽሐፉን ነድተሻል። አሁን መኪናዋን እናያለን» አለ። ሳቅ ብሎ ነበር፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። ልቤ ውስጥ ድል አድርጌያለሁ።

ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ሜዳ ወሰደኝ፤ መኪናዋን እስከዚያ የነዳልን ጎረቤታችን ነበር። እዚህ ላይ ሐርጌሳን ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር መናገር አለብኝ። መኪኖቻችን መሪያቸው በቀኝ ነው። መንገዱን የምንይዘው ግን እንደ ኢትዮጵያ በቀኝ በኩል ነው። ስለዚህ ሹፌሩ የሚቀመጠው ከመንገዱ መሐል ርቆ፣ በዳር በኩል ነው። ይህን የማያውቅ የከተማው ሰው የለም፤ እኔም በዓይኔ ሳየው ነው የኖርኩት። ነገር ግን ሁልጊዜ የምቀመጠው ከኋላ ነው፤ እጆቼ ደግሞ የሚያውቁት ወጥ ቤቱን ብቻ ነው። በኛ መኪና ፍሬቻው በቀኝ እጅ ነው፣ በግራ ያለው መጥረጊያ ነው፤ ፍሬቻ ላሳይ ስል የመስታወቱ መጥረጊያ በጠራራ ፀሐይ መስታወቱን ይፍቅ ጀመር። ሦስት ወር ግራ እግሬን ያሠለጠንኩበት ፍሪሲዮን ጨርሶ የለም፤ መኪናዋ አውቶማቲክ ናት። እግሬ ግን አልሰማኝም፤ ፍሪሲዮን ፍለጋ ሄዶ ፍሬኑን ረገጠው። መኪናዋ ቀጥ ስትል የባሌ ጀሶ ከፊቱ ካለው ፕላስቲክ ጋር ተጋጨ። እሱ ከሕመሙ ጋር ሲታገል እኔ በንዴት አለቀስኩ። የተናደድኩት በመጽሐፉ ነው፣ በአስተማሪው ነው፣ በድስቱ ክዳን ነው።

እጁ ሲበርድለት፣ «ስሚኝ» አለ። «እዚህ አገር ከፊቱ ያለውን ለመቅደም ሹፌሩ አያይም። ከፊትሽ የጭነት መኪና ካለ የሚታይሽ ጀርባው ብቻ ነው። መንገዱን የሚያየው በግራ በር የተቀመጠው ሰው ነው። ነይ ሲልሽ ትወጫለሽ፣ ቆይ ሲልሽ ትቆያለሽ።»

«ብቻዬን ስሆንስ?»

«ከኋላ ከኋላ ትሄጃለሻ።»

«ይሄ መጽሐፉ ላይ የለም።»

«መጽሐፉ ሐርጌሳ መጥቶ ያውቃል?»

ነገሩ አልተዋጠልኝም። ሌላ ሰው ነይ ስላለኝ ወደማላየው መንገድ መውጣት! ለአንድ ቀሚስ እንኳ የሰው ምክር የማልሰማ ሴት ነኝ። ቢሆንም በየቀኑ ወጣን። ፈተናውን በአሥራ ሁለተኛው ቀን ወሰድኩ። ስታጠፍ አሁንም መጥረጊያው ተነሣብኝና ፈታኙ ሰማዩን አየት አድርጎ፣ «ዝናብ ትጠብቂያለሽ?» አለኝ። ሌላውን ሁሉ ግን በትክክል ሠራሁ፤ አለፍኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለው ተረት ያን ቀን ትዝ አላለኝም።

የሐርጌሳ የትምህርት ሳምንት የሚጀምረው ቅዳሜ ነው፤ በዕለቱ ጠዋት ሴትዮዋ ከልጇ ጋር መጣችና፣ «ዛሬ አብሬያችሁ እሄዳለሁ። እናቶቹ ሪፖርት ይጠብቃሉ» ብላ መሐል ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሰባቱ ልጆች ነጭ ሻሻቸውን ተከናንበው፣ «ኤዶ፣ አንቺ ነሽ የምትነጂው?» እያሉ ይንጫጫሉ፤ አክስት ማለታቸው ነው። ባሌ ጀሶውን ጭኑ ላይ አድርጎ በግራ በር ተቀመጠ። ሞተሩን አስነሣሁ። ፈርቼ ነበር። የፈራሁት መኪናውን አልነበረም፤ ከኋላዬ ያለችውን ሴት ዓይን ነው።

የሠፈሩን አቧራ መንገድ በባጃጆቹና በፍየሎቹ መሐል በሰላም አለፍኩ። አስፋልቱ ላይ ስንወጣ የውኃ ቦቴ ከፊታችን ገባ። እያንጠባጠበ በኤሊ ጉዞ ይሄዳል። የትምህርት ቤቱ በር አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋል፤ አንድ ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ከቦቴው ጀርባ በቀር የሚታየኝ ነገር የለም። ባሌ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ «ቆይ… ቆይ…» ይላል። ጥርሴን ነክሼ ቆየሁ። ድንገት «ነይ!» አለ።

ወጣሁ። ቦቴውን ከጎኑ ይዤ፣ ከዚያም ቀድሜው አለፍኩ። ከኋላ ልጆቹ አጨበጨቡ። ባሌ ሊያስቀምጣቸው ወደ ኋላ ዞረ።

ያን ጊዜ ነው ያ ነገር የመጣው። በዚያ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ልቤ እርፍ አለ። የመንገዱ መሐል መስመር ከቀኝ ትከሻዬ አጠገብ ነበር፤ ጎኑ ቢለይም ልክ መጽሐፉ እንደሚለው፣ ልክ እንደ ወጥ ቤቴ ጠመኔ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያ መስመር ከኔ ርቆ ከባሌ በር ማዶ ሲሄድ አንድ ነገር እንደጎደለኝ ይሰማኝ ነበር። አሁን ተመለሰልኝ። ስለዚህ በዚያው ቀጠልኩ።

ከመታጠፊያው አንዲት ነጭ ፒካፕ ብቅ አለች። በቀጥታ ወደኛ ትመጣለች። መብራቷን አበራች፣ አጠፋች። እኔ ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ፤ ክላክስ ነፋሁባት። «ይሄ እብድ! መንገዱን ስቶ!» አልኩ። በእውነት እሱ የሳተ መስሎኝ ነበር። እጄን ከመሪው አንሥቼ ወደ ቀኝህ ሂድ ብዬ በምልክት ላሳየው ስል የባሌ ድምፅ መጣ። አልጮኸም። አንድ ቃል ብቻ ነው ያለው።

«ግቢ።»

መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዝኩት። ፒካፗ በግራችን ስታልፍ ነፋሷ መኪናችንን አንቀጠቀጣት። ልጆቹ ዥዋዥዌ የተጫወቱ ይመስል እየጮኹ ሳቁ። ሴትዮዋ ስልኳ ላይ የቢሮ መልእክት ስትጽፍ ነበር። ቀና አለች።

«ምንድን ነው?»

«አንድ እብድ ሹፌር!» አለች ልጇ። የኔኑ ቃል ነው የደገመችው።

«ማሻአላህ፣ ጥሩ ሸሸሽለት» አለችኝ እናቲቱ፤ ወደ ስልኳ ተመለሰች።

ባሌን አየሁት። ወደ ፊት ብቻ ነው የሚያየው፤ ከጀሶው የወጡት ጣቶቹ ጭኑን ጨብጠው ነጥተዋል። ከዚያ በኋላ እስከ ትምህርት ቤቱ እንዴት እንደነዳሁ አላውቅም። በሩ ሳይዘጋ ደረስን። ሰባቱ ልጆች አንድ በአንድ ወረዱ፤ እያንዳንዷ ስትወርድ በልቤ እቆጥራለሁ፤ ሰባት። አንዲቷ ረስታው የነበረውን ላጲሷን ልትወስድ ተመልሳ፣ «ኤዶ፣ ነገም ቅደሚው እሺ!» አለችኝ።

ሴትዮዋ መኪና ውስጥ ቀርታ ነበር። «እኔ አምኛለሁ» አለች። «ለእናቶቹ ኮንፈርምድ ነው ብዬ እጽፍላቸዋለሁ።»

ዝም ብል ጉዳዩ እዚያ ላይ አልቆ ነበር። መኪናዋ ሥራዋን አላጣች፣ እኛ ኪራያችንን አላጣን። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባላል፤ እኛ ደግሞ ከዚያች መኪና ሌላ ዓይን የለንም። ባሌ የኔን ፊት እንዳያይ ጀሶውን ያያል። እኔ ደግሞ የተበላሸውን ቀሚሴን አሰብኩ። ያን ቀሚስ ፈትቼ እንደገና ሰፋሁት። ያረረውን ኬክ ጥዬ ሌላ ጋገርኩ። ሰባት ልጆችን ግን እንዴት አድርጌ ነው የምፈታው? ወደ ሴትዮዋ ዞርኩ።

«አትጻፊላቸው» አልኩ። «እብዱ እሱ አልነበረም። እኔ ነኝ። ቦቴውን ከቀደምኩ በኋላ ወደ ቦታዬ አልተመለስኩም። በሰው መንገድ ላይ ነበርኩ፤ ትክክል መስሎኝ ነበር። ልጆቻችሁን ልገድላቸው ነበር።»

አልጮኸችብኝም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ሻሿን አስተካከለች፣ በሩን ከፈተች፣ ወርዳ ባጃጅ አስቆመች። በቀትር ሰባቱም ልጆች የተመለሱት በሌላው መኪና ነው። በመስኮታችን በኩል ሲያልፉ አየሁ፤ መጋረጃውን ዘጋሁት።

ባሌ ራት ላይ፣ «ባትነግሪያት እኔ አልነግራትም ነበር» አለ። ተቆጥቶ ነው ወይስ አፍሮ፣ አሁንም ድረስ አላወቅሁም። የምግቡን ሳህን አነሣሁ፣ ወጥ ቤት ገባሁ፣ የጠመኔውን መስመር በእርጥብ ጨርቅ ፍቄ አጠፋሁት። ወንበሩን ወደ ግድግዳው አስጠጋሁና ሌላ መስመር ከወንበሩ በስተግራ፣ ከምድጃው ማዶ፣ እጄ የማይደርስበት ቦታ ላይ አሰመርኩ። መጽሐፉን ሳልከፍት፣ ስልኬን ሳላበራ፣ የድስቱን ክዳን ይዤ ተቀመጥኩ። እየወጣሁ፣ እየገባሁ። እየወጣሁ፣ እየገባሁ። የማሳፍረው ተሳፋሪ አልነበረኝም፤ ግን ተለማመድኩ።

እሑድ ጠዋት የመኪናዋ ቁልፍ ሚስማሩ ላይ እንደተንጠለጠለ የውጪው በር ተንኳኳ። ሴትዮዋ ናት። ከኋላዋ ልጇና ሌሎች ሁለት ልጆች ቦርሳቸውን አዝለው ቆመዋል።

«አራቱ እናቶች እምቢ ብለዋል» አለች ሰላምታ ሳታስቀድም። «አልፈርድባቸውም። እኔም እምቢ ብዬ ነበር። ትናንት ልጆቹን የመለሰውን ሹፌር ግን ጠየቅሁት፤ በመንገድ ላይ ተሳስተህ ታውቃለህ ወይ አልኩት። በሕይወቴ አልተሳሳትኩም አለኝ። ወላሂ ፈራሁት።»

ቁልፉን አወረድኩ። ባሌ ነጠላ ጫማውን አጥልቆ ወደ ግራ በር ሲሄድ እጇን አንሥታ አስቆመችው።

«አንተ ከልጆቹ ጋር ከኋላ ግባ። ትናንት ነይ ብለሃት ከዚያ ፊትህን አዞርክ፤ ልጄ ነግራኛለች። ዛሬ መንገዱን የማይላት እኔ ነኝ። ልጄ ውስጧ ናት።»

ባሌ ጀሶውን ታቅፎ በሦስቱ ልጆች መሐል ገባ፤ ልጆቹም ሳቁበት። እሷ ከፊት ተቀመጠች፣ ስልኳን አጥፍታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ መስኮቱን እስከ ታች አወረደች።

አስፋልቱ ላይ ስንወጣ ያው ቦቴ፣ ወይም ወንድሙ፣ እያንጠባጠበ ከፊታችን ነበር። ፍሬቻውን በቀኝ እጄ ነካሁት፤ መጥረጊያው አልተነሣም። ሴትዮዋ አንገቷን በመስኮቱ አወጣች። ሻሿን ነፋሱ ይመታዋል።

«ቆይ» አለች። «ቆይ። ባጃጅ አለ። ቆይ።»

ቆየሁ። መፍራቴን አልደበቅኋትም።

«ነይ።»

ወጣሁ። የቦቴው ረጅም ጎን በቀኜ አለፈ፣ ጎማው አለፈ፣ የሹፌሩ ክርን አለፈ። የመሐሉ መስመር መጥቶ ከትከሻዬ አጠገብ ቆመ፤ ልቤም ያንኑ የትናንቱን ዕረፍት ሊያርፍ ጀመረ። ሴትዮዋ ዓይኗን ከመንገዱ አልነቀለችም።

«ግቢ» አለች።

ገባሁ።